አረፋ ውስጥ የቀረችው እናት

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሀፊዝን የማያውቅ ሰው የለም። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ የፈለገ ሁሉ ያቺ ባለ አንድ በር ሱቁ ገብቶ፣ ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ተቀምጦ፣ ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ አድርግ፣ አትሳቅ ተብሎ ወጥቷል። ሲያነሳ ፈጣን ነው። ሲያወራ ግን ማቆሚያ የለውም፤ በተለይ ወሬው ወደ አረፋ ከዞረ አለቀላችሁ። ለጉርድ ፎቶ ገብቶ የአረፋ ወሬ ሲሰማ ቀጠሮው ያለፈበት ስንቱ ነው።

አዎ፣ አረፋ። ሠርግ ቢሉት እምቢ አይልም፣ ምርቃት ቢሉትም ይሄዳል፤ ልቡ ያለው ግን አረፋ ላይ ነው። ወተት ፈልቶ ከድስቱ አፍ ቀና ሲል ያነሳል። የገብሱ መጠጥ ቀሪቦ ሲቀዳ ብርጭቆው አፍ ላይ የሚቀረውን ያነሳል። ሽሮ ሲንተከተክ ፊቱ ላይ የምትፈነዳውን፣ ለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ተሰልፈው ሽቅብ የሚወጡትን፣ በድሮ መስኮት መስታወት ውስጥ ተይዛ የቀረችውን፣ ፈንድታ የማታውቀውን የአየር ጠብታ ሳይቀር ያነሳል። ክረምት ላይ ዝናቡ አስፋልቱን ሲደበድብ፣ ሰው ሁሉ ታዛ ፍለጋ ሲሮጥ፣ እሱ በደረቱ ተኝቶ ኩሬ ላይ ተነፍታ የምትጠፋውን ይጠብቃል። ኮምቦልቻ ሲወርድ ደግሞ ቦርከና ዳር ቁጢጥ ብሎ፣ ወንዙ ድንጋይ ሥር የሚሰበስበውን ነጭ ክምር ሲያነሳ ይውላል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ውዱ፣ ሰው ሠርጉን ያነሳል፣ አንተ የእጥበቱን ትርፍ ታነሳለህ እያለ ያበሽቀዋል።

ነገሩ የጀመረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ነገር ደሴን አልፎ ሲሄድ ሱቁ ባዶውን ቀረ። ካሜራው ሄደ፣ መብራቱ ሄደ፣ መጋረጃዋ እንኳን አልተረፈችም፤ መጋረጃ ደግሞ ለማን ምን ይረባዋል! እጁ ላይ የቀረው መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ብቻ ነበር። ቤት ገብቶ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። አልበላም፣ አልጠጣም።

እናቱ አሚና ግን መቀመጥ አታውቅም። ቤቱ ውስጥ የሌላ ሰው እጅ የነካውን ሁሉ ግቢ አውጥታ ማጠብ ያዘች። ሳሙና በውድም አልተገኘም፤ እንዶድ ወቅጣ ሳፋው ውስጥ ዘፈዘፈችው። እንዶድ ደግሞ ሲመታ ጉድ ነው፤ አረፋው ከሳፋው አልፎ መሬት ወረደ። ፀሐይ ሲያርፍበት ቀይና አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅና ወርቅ ሆነ። ሀፊዝ ሳያስበው ያን ስብርባሪ ስልኩን አነሳ። ያነሳውን አይቶ ፈገግ አለ። አሚና እሰይ፣ ልጄ ሳቀ ብላ እልል አለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አረፋ መሥራት የእሷም ሥራ ሆነ።

ሽቦ አጣምመው ቀለበት ሠሩ። ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አሰሩት፣ በሳሙና ውሃ ነከሩት፣ ነፋሱ ሲያልፍበት ትልልቅ አረፋ ይነፋል። ቶሎ ቶሎ እየፈነዳ ቢያስቸግረው ስኳር ጣል አድርግበት ያለችው እሷ ናት፤ እውነትም ጸና። ሀፊዝ እየሠራ ገንዘብ ሲቋጥር አሮጌ ካሜራ ገዛ። ቤት በዋለበት ቀን ሁሉ ከአስር ሶላት በኋላ ግቢ ወጥቶ ያነሳል፤ አሚና ከኋላው፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ትመለከተዋለች።

ከኋላው። ይሄ ነው ዋናው ነገር። ምክንያቱም አሚና በሕይወቷ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። የከተማውን እኩሌታ ያነሳ ልጅ እናት! መታወቂያ አውጪ ስትባል ባሌ አለው፣ ይበቃናል ትል ነበር። ባሏ ሲሞት ደግሞ ልጄ አለው አለች። ቀበሌዎችም ሰለቻቸውና ተዋት።

ነገሯ ከልጅነቷ የመጣ ነው። ኩታበር ሳሉ አንድ መንገደኛ ገበያ ላይ ታላቅ እህቷን ፎቶ አነሳት። እህቷ ብዙም ሳትቆይ ታማ ሞተች። ፎቶዋ ግን ከቀብሩ በኋላ በሰው እጅ መጣ። እናታቸው ያን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ ቀረች፤ ታወራዋለች፣ እህል ታጎርሰዋለች፣ አቅፋው ትተኛለች። ከዚያ በኋላ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ልጅቷን ምንጩ ዳር ቆማ አየናት ማለት ጀመሩ። አንድ ሁለቴ አሚና ራሷ አይታታለች። ሰው እህትሽ ሄደች ይለኛል እንጂ አልሄደችም፣ እናቴ ይዛ አስቀረቻት ትል ነበር።

ሀፊዝ ፎቶ ቤት የከፈተ ቀን እጁን ያዘችው።

«እኔ ስሄድ ሙሉዬን ልሂድ፣ ልጄ። ፊቴን ማንም እንዳይዝብኝ። ወላሂ በል።»

«ወላሂ፣ እማ።»

ቃሉንም ጠበቀ፤ ማለት ጠበቀ ብሎ አመነ። አረፋ በሚያነሳበት ጊዜ ሁሉ እኔ እንዳልገባ ስትለው፣ አትገቢም፣ ከኋላዬ እኮ ነሽ ይላታል። እውነቱን ነው። አረፋ ግን ከፊቱ ያለውን ሁሉ እንደሚስል ልብ አላለም። ሰማይ ሲያይ ሰማይ ነው ይላል፣ ቆርቆሮ ሲያይ ቆርቆሮ ነው ይላል፣ መሀል ላይ የዝንብ ያህል የሆነውን የራሱን ጥላ ሲያይ ያ እኔ ነኝ ብሎ ያልፋል። አጠገቡ ያለችውን ሌላ ነቁጥ በርሜሉ ናት ብሏታል።

አሚና የሞተችው በድንገት ነው። ጠዋት ሰግዳ ተነሳች፣ ልቤን ያዘኝ አለች፣ አለቀ። በእኛ አገር የሙስሊም ጀናዛ አያድርም። ሴቶች አጠቧት፣ ከፈኗት፣ ወንዶች ተሸክመው ወሰዷት፤ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ አፈር ገባች። ታናሽ እህቱ ፈትሂያ ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ነበረች። እዚያ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ፈረቃዋ ሲያልቅ ስልኳን ከሳጥን አውጥታ ስታየው ወንድሟ ስንት ጊዜ እንደደወለ አልተቆጠረም። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥታ ደሴ ስትገባ ወንዶቹ ከመቃብር ተመልሰው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

ፈትሂያን የበላት የሞቱ ነገር ብቻ አልነበረም። በፊተኛው ሳምንት እናቷ ደውላ መቼ ነው የምትመጪው፣ ከስተሻል አሉኝ፣ ምን ትበያለሽ እያለች ስትደጋግምባት፣ ድካም ላይ ነበረችና እማ አትጨቅጭቂኝ ብላ ስልኩን ዘጋችባት። የተጨዋወቱት የመጨረሻ ነገር ይኸው ሆነ። ሰው ከሰው ሲለይ አፉ በለኝ ይላል፤ ያስቀየምኩህን ተውልኝ ብሎ ነው የሚሸኛኘው። ሬሳ ፊት ቆሞም ቢሆን ይባላል። ፈትሂያ ግን ሬሳውንም አላገኘችም። እንጀራ ሲቀርብላት አንድ ሁለት ጉርሻ ወስዳ ትተወዋለች፤ ፎቶዋን እያየሁ እንኳን አፉ በይኝ ልበላት፣ አንድ ፎቶ ፈልግልኝ እያለች ወንድሟን ታስለቅሰዋለች።

«የሰው ፊት ስታነሳ የኖርክ ሰው፣ የእናታችን አንድ ፎቶ የለህም?»

«ወላሂ የለኝም» አላት። ሲምል እውነቱን ነበር፣ ምስኪን።

አንድ ሁለት ወር አለፈ። ኮምቦልቻ ባነር የሚያትም ጸጋው የሚባል ጓደኛ አለው፤ ጴንጤ ነው፣ መዝሙር ከፍቶ ነው የሚሠራው። አንድ አዲስ ጭማቂ ቤት ግድግዳውን የሚሞላ የአረፋ ሥዕል ፈልጎ ስለነበር ሀፊዝ ካነሳቸው ውስጥ ያማረችውን መርጦ ላከለት። ከዚያ በፊት አረፋዎቹን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፤ ይሰርቁኛል ብሎ ይሰጋል። ጸጋው በማግስቱ ደወለና ሥራው ደርሷል፣ ግን ሳላትመው ና እየው፣ ውስጡ ሴትዮ አለች አለው።

ሀፊዝ ምን ዓይነት ሴትዮ ብሎ እየሳቀ ወረደ። ጸጋው ፎቶውን በትልቁ ስክሪን ከፍቶ እያጎላ ገፋው፣ ገፋው፣ አረፋዋ ስክሪኑን ሞላች። ግቢያቸው ነው። ቆርቆሮው አለ፣ በርሜሉ አለ፣ የብረት በራቸው አለ፣ ሁሉም እንደ ጀበና ሆድ ጎብጦ። መሀል ላይ ካሜራ የያዘ ሰው አለ። ከኋላው በርጩማ ላይ አሚና ተቀምጣለች። ሻሿ፣ ጉልበቷ ላይ ያረፉት እጆቿ፣ ወደ ልጇ ያዘነበለው ፊቷ፣ አንድም ነገር አልጎደለም። አረፋ ደግሞ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ነው የሚስለው። ከታች፣ ተዘቅዝቃ፣ እግሯ ወደ ላይ ሆኖ፣ ሌላዋ አሚና ተቀምጣለች።

ሀፊዝ ወንበሩን ይዞ ቆመ። እናቴ ናት ብቻ አለ። ጸጋው መዝሙሩን ዘጋ።

ሲመለስ ሐረጎ ጭጋግ ወርዶበት ነበር፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ነው የወጣው። ሀፊዝ ከጎኑ ማን እንደተቀመጠ አላየም። ቤት ገብቶ ኮምፒውተሩን ከፈተና ግቢ ውስጥ ያነሳቸውን እያንዳንዳቸውን ገፋ ገፋ አደረጋቸው። በሁሉም ውስጥ አለች። ትልቋ አረፋ ውስጥ ጣት ያህል፣ ሳፋው ላይ በተከመሩት ጥቃቅኖች ውስጥ ደግሞ በእያንዳንዷ፣ እንደ ጤፍ፣ መቶ ጊዜ ተቀምጣለች። መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። መደበቅ ምን ያደርጋል፣ አለቀሰ፣ ስክሪኑን ሳመው። እናቱን አገኛት።

ለፈትሂያ ግን አልነገራትም። ነገ እነግራታለሁ ይላል፣ ነገ ሲመጣ ይተዋል። ብታያት እንደማትለቃት ያውቃል። በስልኳ ትይዛለች፣ ለአክስቶቻቸው ትልካለች፣ አሳጥባ ትሰቅላለች፤ ወላሂ ያለው እሱ ነው። እሱ ራሱ ግን ሱቁን ዘግቶ እየመጣ ከአስር በኋላ ስክሪኑ ፊት መቀመጥ ጀመረ። ዛሬ ሱቅ እንዲህ ዋለ፣ ውዱ እንዲህ አለኝ እያለ ያወራታል።

አንድ ቀን ያቺን ኮምቦልቻ ያያትን ፎቶ ከፈተ። አሚና ቆማለች።

ዓይኑን አሸ። በርጩማው ባዶ ነው፤ እሷ አጠገቡ ቆማ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው፣ መንገድ ሊሄድ እንደተነሳ ሰው። ከታች ያለችውም ተዘቅዝቃ ቆማለች። ተሳስቼ ይሆናል አለ፤ መጀመሪያም ቆማ ይሆናል። ልቡ ግን አላመነውም። ስልኩን አንስቶ ጸጋው ጋ ደወለ፤ ያቺን ፎቶ ክፈታትና እናቴ ምን ላይ እንዳለች ንገረኝ አለው። የማውሱ ድምፅ ቀጭ ቀጭ ሲል ተሰማ።

«ቆማለች» አለ ጸጋው። «ሀፊዜ፣ ተቀምጣ አልነበረም እንዴ?»

 ጸጋው በኢየሱስ ስም፣ በኢየሱስ ስም እያለ፣ እኔ ጋ ያለችውን አጥፍቻታለሁ፣ አንተም የሃይማኖት አባት አነጋግር ብሎ ዘጋው። ጭማቂ ቤቱ የብርቱካን ሥዕል ተለጠፈለት።

ሀፊዝ ሆጤ ወደሚኖሩት ሼህ ሱሌማን ዘንድ ሄደ። አሚናን ከልጅነቷ ያውቋታል። መሐላውን ነገራቸው፣ አረፋውን ነገራቸው፣ ከበርጩማው መነሳቷንም አፍሮ አፍሮ ነገራቸው። ሼሁ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ሰሙት።

«ሳታውቅ ያደረግኸውን አላህ ይምርሃል» አሉት። «ካወቅህ በኋላ ያስቀመጥከው ግን አውቀህ ያስቀመጥከው ነው።»

«መነሳቷስ፣ ሼሃችን? እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እሱን አላውቅም። የጠየቀችህን ግን አንተ ታውቃለህ።»

ሀፊዝ ጾመና በነጋታው ኮምፒውተሩን ከፈተ። አንዱን ፎቶ አጠፋ። ቀጥሎ ያለውን ሲከፍት አሚና ከበርጩማው አንድ እርምጃ ርቃለች። እሱንም አጠፋ። በሚቀጥለው በርሜሉን አልፋለች። ጀርባዋን ሰጥታው ነው የምትሄደው፤ ወደ ብረት በሩ ነው የምትሄደው። አንድ ባጠፋ ቁጥር እሷ ትርቃለች፣ ትከሻዋ ቀለል ይላል፣ አካሄዷ የወጣት ይሆናል። ሀፊዝ እማ፣ እማ እያለ አጠፋ።

የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ አቃተው። የእህቱ የአንድ ፎቶ ልመና ጆሮው ላይ አለ፤ ፈትሂያ መንምና ልብሷ ከላይዋ እየወረደ ነው። ለእሷ አንዲት ትቅር ብሎ ተዋት።

በማግስቱ ሲያያት አሚና በሩ ላይ ናት። አንድ እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነው፣ አንድ እግሯ ከደፉ አልፏል፣ ፊቷን ግን ወደ ውስጥ መልሳለች። በሦስተኛውም ቀን እንዲያው ናት። በአራተኛው ፊቷ ጠቁሯል። ሲውል ሲያድር ጉልበቷ እየታጠፈ፣ መቀርቀሪያውን የያዘው እጇ እየከበዳት ሄደ። አንድም ቀን ግን ከዚያ በር አልወጣችም። ሀፊዝ ማየቱን ፈራ፣ አለማየቱንም ፈራ። አንዳንዴ ከሱቅ ሲመለስ ግቢው በር ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፤ የሆነ ሰው ከወዲያ በኩል መቀርቀሪያውን የያዘበት ይመስለዋል። ዞሮ በጎረቤት አጥር መግባት ጀመረ። ውዱ ጤና የለህም አለው።

በመጨረሻ ፈትሂያ ጋ ደወለ። ምንም ሳይደብቅ ሁሉንም ነገራት። ጮኸች፣ ሰደበችው፣ እናቴን ደበቅከኝ ብላ ረገመችው። እሑድ ዕረፍቷ ነው፤ ከሰዓት መጣች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች።

ፎቶውን ሲከፍተው ቁጣዋ ጠፋ። ተጠጋች። ያኔ ያመለጣት ፊት ይኸው ነው፣ ዓይኑ ቀጥታ እሷ ላይ ነው። ሀፊዝ ከኋላዋ ቆሞ፣ ካልሆነልሽ ውሰጃት፣ አልከለክልሽም፣ ኃጢአቱ የእኔ ይሁን አላት። ስልኳን አወጣች። ስክሪኑ ላይ አነጣጠረችው። እጇ እዚያው ቀረ።

«ደክሟታል» አለች።

«አዎ።»

«እኔን ነው የምትጠብቀው።»

ፈትሂያ ስልኳን ጭኗ ላይ አኖረችና ጣቷን በእናቷ ጉንጭ ላይ፣ በመስታወቱ ላይ አሳረፈች።

«እማ፣ አፉ በይኝ። ስልኩን የዘጋሁብሽን አፉ በይኝ።»

ከፎቶ መልስ የሚገኝ ይመስል ጠበቀች። ሀፊዝ እስከ ዛሬ ይምላል፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ራሷን ነቀነቀች ብሎ። ፈትሂያ አላየሁም ትላለች፤ እንባዋ ጋርዷት ነበር። ማውሱን ግን ማንም ሳይነግራት ራሷ ያዘችው። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ፣ ይጥፋ ወይ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ የሚለውን ተጫነች።

ግቢ ውስጥ መቀርቀሪያው ተላቀቀ። ነፋስ አልነበረም፤ ገመድ ላይ የተሰጣው አንሶላ ቀጥ እንዳለ ነው። የብረቱ በር ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ሄደ፣ ወለል ብሎ ተከፈተና ቆመ። ሀፊዝ ሊዘጋው ሲሄድ እህቱ እጁን ይዛ አስቀረችው።

«ሂጂ፣ እማ። በሰላም ግቢ» አለች ፈትሂያ።